ያረጀው ሚክሰር ዝም ሲል፦ ቴክናይ ከመጥራታችሁ በፊት

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ልብስ ማጠቢያና ስለ ማቀዝቀዣ ነው። ዛሬ ግን በአንዳንድ ቤት የልጆች ክፍል ጥግ ላይ በአንሶላ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ፣ ሰርግ ሲኖር በመኪና ተጭኖ ወደ አዳራሽ ስለሚሄድ ዕቃ ላጫውታችሁ። ስሙ ዲጂታል ሚክሰር ነው። የዘፋኙን ማይክ፣ ኪቦርዱን፣ ማሲንቆውን በየገመዱ ተቀብሎ፣ አመጣጥኖ ወደ ስፒከር የሚልከው እሱ ነው። አዲሱ ውድ ስለሆነ ልጆቻችን ያድ ሽኒያ ይገዛሉ። በብድር ከሆነ ደግሞ ዋስ ሆነን የምንፈርመው ብዙ ጊዜ እኛ ወላጆች ነን። ስለዚህ ዕቃው ሲበላሽ እንቅልፍ የሚያጣው ልጁ ብቻ አይደለም።

አንድ ጎረቤቴ እሑድ ማለዳ በሬን አንኳኩ። «ልጁ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። ሐሙስ ሰርግ ይዟል። ሚክሰሩ ከ9 እስከ 16 ያሉት ቻናሎች ዝም ብለዋል። ቴክናዩ በስልክ ሲሰማው ዋናው ቦርድ ሞቷል አለው» አሉኝ። ለጥገናው የተጠየቀው ዋጋ ሌላ ያገለገለ ሚክሰር ከሚገዛበት ብዙም አያንስም ነበር። እኔ ለዓመታት በማትናስ መድረክ ላይ ገመድ ስጎትትና ድምፅ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ቢሆንም የነገሩኝ ቁጥር ገረመኝ። ስምንት ቻናሎች፣ ያውም ተከታታይ፣ በአንድ ሌሊት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሕመም አይሞቱም። አንድ የሚጋሩት ነገር ነው የተቋረጠው።

የብልሽት ፍለጋ ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ሌላውን ብትረሱት እንኳ ይህን ያዙ። ብልሽት ቅርጽ አለው። ዝም ያለው አንድ ቻናል ብቻ ከሆነ ነገሩ ከዚያ ቻናል መሰኪያ፣ ከገመዱ ወይም ከመግቢያው ማጉያ አያልፍም። አራት ወይም ስምንት ጎን ለጎን ያሉ አብረው ከጠፉ፣ እነሱን የያዘው ቦርድ፣ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ጠፍጣፋ ገመድ ወይም የሚመግበው ኤሌክትሪክ ይጠረጠራል፤ ብዙ ሚክሰሮች ውስጣቸው እንዲህ በቡድን የተከፈለ ነውና። ሁሉም ቻናል በአንድ ጊዜ ከጠፋ ደግሞ ወይ መውጫው ነው፣ ወይ የኃይል ክፍሉ ነው፣ ወይም አንድ ሰው ሳያውቅ የተጫነው ቁልፍ ነው። የመጨረሻውን ለቀልድ አላነሳሁትም፤ ከገጠመኝ ሁሉ ብዙው እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ካቻቢቴ አታንሡ። የሚሠራ ማይክ ከሚሠራ ቻናል ንቀሉና ዝም ባለው ላይ ሰኩት። ቀጥሎ ገመዱን ቀይሩ። ብልሽቱ ገመዱን ተከትሎ ከሄደ ገመዱ ነው፤ ቻናሉ ላይ ከቀረ ሚክሰሩ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም። ከዚያ የቻናሉን የድምፅ መለኪያ መብራት ተመልከቱ። ሰው ሲናገርበት መብራቱ ወደ ላይ የሚዘል ከሆነ ድምፁ ሚክሰሩ ውስጥ ገብቷል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። ካልተነቃነቀ ግን ድምፁ ገና አልደረሰም። የኮንደንሰር ማይክ ከሆነ 48 ቮልት ኃይል ከሚክሰሩ ይፈልጋል፤ የዚያ ማብሪያ ጠፍቶ ከሆነ ማይኩ የሞተ ይመስላል።

ቅንብሩ ተበላሽቶ እንደሆነም መለየት ያስፈልጋል። ዲጂታል ሚክሰር የትኛው ማይክ ወዴት እንደሚሄድ በማስታወሻው የሚይዝ ኮምፒውተር ነው። የአሁኑን ቅንብር አስቀምጡ፣ ከዚያ ፋብሪካው ያደረገውን መነሻ ቅንብር ጥሩ። ድምፁ ከተመለሰ ዕቃው ጤነኛ ነበር። ሚክሰሩ ከኮምፒውተር ወይም ከሌላ ዲጂታል ዕቃ ጋር ተያይዞ በየሰኮንዱ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ከሆነም ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም። ሁለቱ ዕቃዎች በየራሳቸው ሰዓት እየቆጠሩ ነው፤ አንደኛው የሌላውን ሰዓት እንዲከተል ማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በትንሽ ነገር ብዙ የሚያጣው እዚህ ነው። በያድ ሽኒያ ገበያ የሚዞሩት ሚክሰሮች ዕድሜያቸው የሚናቅ አይደለም። ያማሃ 02R እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው፣ LS9 የሚባለው በ2006፣ የቤሪንገር X32 እንኳ በ2012። በብዙ እንዲህ ባሉ ዕቃዎች ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች የ3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ አለች። ሥራዋ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ማስታወሻውን መጠበቅ ነው። ስትደክም ስክሪኑ ላይ ባትሪው አነሰ የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ድምፁ ግን እንደ ድሮው ስለሚሠራ ልጁ «በኋላ» እያለ ያልፈዋል። ከዚያ አንድ ቀን አዳራሽ ውስጥ ሲያበራው የዓመታት ቅንብሩ በሙሉ ጠፍቶ ያገኘዋል፤ አንዳንዱ ዕቃም እየተዘበራረቀ ይነሣል። ያኔ «ቦርዱ ሞቷል» የሚል ይመጣል። የሞተችው ግን ዋጋዋ ከአንድ ሳንድዊች የማይበልጥ ባትሪ ናት። ባትሪዋን ከመንካት በፊት ቅንብሩን ሁሉ በዩኤስቢ ወይም በገመድ ወደ ኮምፒውተር ማውጣት ግድ ነው፣ ስትወጣ ማስታወሻው አብሯት ሊሄድ ይችላልና። በአንዳንዱ ሞዴል ባትሪዋ በቤቷ ውስጥ ተቀምጣለች፤ በሌላው በብየዳ የተያዘች ናት፤ ያችን ለባለሙያ ተዉለት።

ተንሸራታቾቹ፣ ልጆቹ ፌደር የሚሏቸው፣ ሌላው ያረጀ ዕቃ በሽታ ናቸው። በብዙ ዲጂታል ሚክሰር ላይ ፌደሩ ትንሽ ሞተር አለው፤ ቅንብር ሲጠራ በራሱ ወደ ቦታው ይሄዳል። አቧራ፣ የአዳራሽ ጭስ፣ አንዳንዴም የፈሰሰ ኮላ ሲገባበት ይንቀጠቀጣል፣ መሃል ላይ ይቆማል ወይም ሳይነኩት ይዘላል። ዕቃዎቹ ፌደርን እንደገና የሚያስተካክል የራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፤ በመመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያውን ግን በደንብ አንብቡ፤ በአንዳንዱ ሞዴል ሁሉን የሚያጠፋው ትእዛዝ የሚጠራውም እንዲሁ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ዕቃውን በማብራት ነው። ለኤሌክትሮኒክስ መገናኛ ተብሎ የተሠራ ማጽጃ አለ። ለበር ማጠፊያ የሚረጨውን ዘይት የሚረጩ አይቻለሁ፤ ለአንድ ሳምንት ይለሰልሳል፣ ከዚያ አቧራውን እንደ ሙጫ ይሰበስበዋል።

ጠፍጣፋው ገመድ የጎረቤቴን ልጅ ነገር ያመጣናል። ዕቃው በመኪና ብዙ ስለተንገላታ የውስጥ ገመዶች ከመሰኪያቸው ቀስ በቀስ ይወጣሉ። ዕቃውን ከሶኬት ነቅለን አሳደርነው፣ በማግስቱ ከፈትነው። ከመክፈታችን በፊት በስልክ ፎቶ አነሣን፤ እጃችን የያዘውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ለማስወገድ የብረት አካሉን ነካን። ከ9 እስከ 16 ያለውን ቦርድ የሚያገናኘው ገመድ በአንድ በኩል ከመሰኪያው ተነሥቶ ነበር። ነቅለን ቀጥ አድርገን መለስነው። ስምንቱም ተናገሩ።

ሁሉም እንዲህ ያበቃል ብዬ ግን አላታልላችሁም። ሰርቼበት የነበረ የማትናስ ሚክሰር አንድ ቀን ሲበራ ሲጠፋ፣ ሲበራ ሲጠፋ ውሎ በመጨረሻ አልነሣ አለ። የኃይል ክፍሉ ነበር። እዚያ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ትናንሽ በርሜል የሚመስሉ ነገሮች አሉ። ከዓመታት በኋላ ይደርቃሉ ወይም ጫፋቸው ያብጣል፤ ሚክሰሩ እም የሚል ድምፅ ያወጣል፣ ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ትልቁ ጠላታቸው ሙቀት ነው። በሙያው ዘንድ የሚታወቅ ግምት አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በቤርሼቫ የሐምሌ ፀሐይ ሥር በተዘጋ መኪና ውስጥ የተተወ ሚክሰር ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት። ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነም ውጤቱ ያው ነው።

ይህን ክፍል ግን ቤት ውስጥ አትክፈቱ፣ ልጃችሁም እንዳይከፍት። በአገራችን ግድግዳ የሚመጣው 230 ቮልት ነው፤ በኃይል ክፍሉ ውስጥ ወደ 325 ቮልት የሚጠጋ ሆኖ ይቀመጣል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል። ፊውዝ ተቃጥሎ ከሆነም ያንኑ ዓይነት አንድ ጊዜ ብቻ መተካት ይፈቀድላችኋል። እንደገና ከተቃጠለ ውስጥ ሌላ ነገር አለ፤ ከፍ ያለ ፊውዝ ማስገባት ወይም በብር ወረቀት መጠቅለል እሳት መጥራት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ራሱ ከተጠረጠረ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ ጥሩ እንጂ ጎረቤት አትጥሩ።

ቴክናይ መጥራት ግድ ሲሆን በስልክ ብቻ ሰምቶ «ቦርድ ነው» ለሚል ሰው ዋጋ አትቀበሉ። መጀመሪያ ለምርመራው ብቻ ስንት እንደሚጠይቅ፣ ጥገናውን ከተስማማችሁ ያ ገንዘብ ይታሰብ እንደሆነ ጠይቁ። ግምቱን በጽሑፍ፣ በዋትስአፕም ቢሆን ተቀበሉ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንደሚመልስላችሁ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ካባላ ሳትይዙ አትውጡ፤ ለጥገናው ስንት ወር አሐራዩት እንዳለው እዚያው ላይ ይጻፍ።

አንድ ብዙ ወላጅ የማያውቀው የሕግ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. የ1981 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሸማች የሚለው ከነጋዴ ለራሱ፣ ለቤቱ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛን ሰው ነው። ልጃችሁ ሚክሰሩን የገዛው ለሥራ ከሆነ፣ ወይም ከነጋዴ ሳይሆን ከሌላ ልጅ እጅ ከሆነ፣ ይህ ሕግ ላያግዘው ይችላል። የሚቀርለት የ1968ቱ የሽያጭ ሕግና በጽሑፍ ያለው ስምምነት ነው። በዚያ ሕግ ገዢው ዕቃውን ሲረከብ መመርመር፣ ጉድለት ሲያይም ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ሦስት ወር ቆይቶ መጮህ ያዳክመዋል። መልእክቱን ቀን ባለበት መንገድ ይላክ። ካልተስማሙ የትናንሽ ክሶች ፍርድ ቤት አለ፤ እዚያ እንደ ደንቡ ያለ ጠበቃ ነው የሚቀረበው፣ ስለዚህ ወረቀቱ ነው የሚናገረው።

ገና ሊገዛ ላሰበ ልጅ ደግሞ፦ ዕቃውን ሻጩ ቀድሞ አብርቶ እንዳይጠብቀው ይንገረው፤ ከቀዝቃዛው ሲነሣ ነው ሕመሙ የሚታየው። ቢያንስ አንድ ሰዓት እንደበራ ይቆይ። በአንድ ማይክ እያንዳንዱን መግቢያ፣ በጆሮ ማዳመጫ እያንዳንዱን መውጫ ይፈትሽ፤ ፌደሮቹን ሁሉ ከታች እስከ ላይ ያንቀሳቅስ፤ አጥፍቶ ከሶኬት ነቅሎ እንደገና ሲያበራው ቅንብሩ እንዳለ ይመልከት። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ልጁ ወደ ቤቱ ይመለስ።

የጎረቤቴ ልጅ ሐሙስ ሰርጉን ሠራ። አሁን በሚክሰሩ ሽፋን ውስጥ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ የትኛው ቻናል መቼ እንደጠፋ፣ ዕቃው ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ፣ ምን ተቀይሮ እንደዳነ፣ ባትሪዋም መቼ እንደተለወጠች ይጽፍባታል። ባለፈው ወር ቻናል 3 ሲንጣጣ ለቴክናዩ ያነበበለት ያችን ነበር፤ ሰውየው የመሰኪያውን ብየዳ ብቻ አድሶ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ አስከፍሎ መለሰለት።