የደም ምርመራ ስለ ኦቫሪ ነቀርሳ ሕክምና ምን ይነግረናል?

ከማሕፀን ግራና ቀኝ የሚገኘውና የሴትን ዕንቁላል የሚያፈራው ኦቫሪ የተባለው የአካል ክፍል በነቀርሳ፥ ማለት በካንሰር ሲያዝ፥ ምልክቱ በመጀመሪያ ስውር ነው። የሆድ መነፋት፥ ቶሎ መጥገብና ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት እንደ ተራ ሕመም ስለሚቈጠሩ፥ ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ሕክምናው ቀዶ ጥገናና እንደ ካርቦፕላቲን ያሉ ብርቱ መድኀኒቶች ናቸው። መድኀኒቱ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ባስትና ባልደረቦቻቸው፥ ሲኤ 125 የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፀረ አካል ማግኘታቸውን ገለጡ። ይህ ፕሮቲን ከነቀርሳው ሕዋሳት ወደ ደም ይገባል፤ የጤናማ ሰው ወሰን ተብሎ የሚታሰበውም በአንድ ሚሊ ሊትር 35 ዩኒት ነው።

ሐኪሙ መድኀኒቱን ከመጀመሩ በፊት ልኩን ይመዘግባል፤ ከዚያም በየጊዜው ያስመረምራል። የከፍታው መነሻ 800 የነበረ እንደ ሆነ፥ ወደ 400 ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ቢያንስ 28 ቀን ሲጸና፥ በዓለም አቀፍ ሊቃውንት መለኪያ መሠረት መድኀኒቱ ሠርቷል ይባላል። የፈረንሳይ ሊቃውንት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 100 ቀኖች ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከተወሰደው ልክ የአወራረዱን ፍጥነት በሒሳብ ያወጣሉ። ፈጥኖ ሲወርድ መድኀኒቱ እንደሚስማማ፥ ሲዘገይ ግን በሽታው መድኀኒቱን እንደሚቋቋም ይገመታል።

ሌላው የደም ምርመራ ቢአርሲኤ የተባሉትን፥ ከወላጅ የሚወረሱትን ዘረ መሎች ይመለከታል። ጒድለት ያለባቸው ሴቶች ለካርቦፕላቲን የተሻለ መልስ ይሰጣሉ፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ የተፈቀደው ኦላፓሪብም በተለይ ይረዳቸዋል። ጒድለቱ ሲገኝ እኅቶችና ሴቶች ልጆችም ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል።

ነገር ግን ቁጥር ብቻውን ዳኛ አይደለም። እርግዝና፥ የወር አበባ፥ ባገራችንም የሚታየው የሆድ ዕቃ ሳንባ ነቀርሳ ሲኤ 125ን ከፍ ያደርጋሉ። እንዲሁም በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ ምልክት ሳይታይ ቁጥር ከፍ አለ ብሎ ሕክምናን አስቀድሞ መጀመር ዕድሜን እንደማያረዝም አስረድቷል።

ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የምትችሉ ወገኖቻችን ሁሉ፥ ይህን ለጎረቤት እንድታስረዱ እናሳስባለን፦ ቁጥሩ ወረደ ብላ መድኀኒቷን የምታቋርጥ፥ ወጣ ብላም ተስፋ የምትቈርጥ ሴት አትኑር። ወረቀቱን ይዛ ወደ ሐኪሟ ትመለስ።