የልጁ ፊት ለምን አልታጠበም?
(ትራኮማና የኑሮ ሁኔታ)



ጠዋት በሰልፍ ላይ የንጽሕና ቁጥጥር ማድረግ በትምህርት ቤቶቻችን የቆየ ልማድ ነው። መምህሩ በሰልፉ መካከል እያለፈ ጥፍር ያያል፤ ፀጉር ያያል፤ ፊት ያያል። ዐይኑ አር የያዘ፣ ዝንብ የወረረው ልጅ ሲያገኝ «ሂድ ታጥበህ ና!» ብሎ ይመልሰዋል። ልጁ ይሄዳል፤ አንዳንዴም በዚያው ይቀራል። እኛም «ቤተሰቡ ቸልተኛ ነው» ብለን እንፈርዳለን። ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በአንድ በሽታ ምሳሌነት መመርመር ነው። በሽታውም ትራኮማ ነው።

ሀ. ትራኮማ ምንድን ነው?

ትራኮማ፣ ሕዝቡ የዐይን ማዝ የሚለው፣ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። ከታመመ ልጅ ዐይንና አፍንጫ የሚወጣው ፈሳሽ በጣት፣ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት ወደ ሌላው ይደርሳል። በሽታው አንድ ጊዜ ይዞ ቢለቅ ብዙም ጉዳት አያደርስም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በመደጋገሙ ነው። ሕፃኑ በየጊዜው እየተያዘ ሲያድግ የላይኛው የዐይን ቆብ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ የዐይን ፀጉርም ተቀልብሶ ዐይንን ይፍቃል። ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ እንደ እሾህ ይወጋል ማለት ነው። አንዳንድ እናቶች ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው ፀጉሩን ሲነቅሉ የምናየው ለዚህ ነው። ምን ይደረግ፣ የተነቀለው መልሶ ይበቅላል! በመጨረሻም ጥርት ያለው የዐይን ሽፋን ነጭ ይለብስና ብርሃን ይጠፋል። በዚህ መንገድ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። እንግዲህ ትራኮማ በልጅነት ተዘርቶ በጉልምስና የሚታጨድ በሽታ ነው።

ለ. ማንን ያጠቃል?

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የዐይነ ስውርነት ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከመቶ 40 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። በአማራ ክልል ቁጥሩ ከመቶ 62 በላይ ነበር። በገጠር የታየው መጠን ከከተማው አራት እጥፍ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ በተካሄደው ዘመቻ በብዙ ወረዳዎች ቢቀንስም በሽታው ገና አልጠፋም።

ሌላም ልዩነት አለ። በትራኮማ ምክንያት ዐይናቸው የሚጠፋ ሴቶች ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳሉ። የሴት ዐይን በተፈጥሮው ደካማ ሆኖ አይደለም። ሕፃናትን የምታዝለው፣ የምታጥበው፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊታቸውን የምትጠርገው እናት ወይም ታላቅ እኅት ስለሆነች ነው። የሥራ ክፍፍሉ በሽታውንም አብሮ ያከፋፍላል።

ሐ. በሽታውን የሚያሰነብተው ምንድን ነው?

1. የውኃ እጦት። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ክብደቱም 20 ኪሎ ነው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን አንድ ጀሪካን ብቻ ቢቀዳ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከሦስት ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ከዚህ ላይ መጠጥ አለ፣ ወጥ አለ፣ ሊጥ አለ፣ ዕቃ ማጠቢያ አለ። ምንጩ ሩቅ ሲሆን ለፊት የሚተርፍ ውኃ የለም ብላ እናትየው ብታስብ ምን ይፈረድባታል? ያላወቀች ሳትሆን ያለውን አብቃቅታ የምትኖር ናት።

2. ሜዳ ላይ መጸዳዳት። ከዐይን ወደ ዐይን በሽታ የምታዛምተው ዝንብ በተለይ የምትራባው ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። በጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ ግን እምብዛም አትራባም። በ2004 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ በጋምቢያ የተደረገ ጥናት መጸዳጃ በተቆፈረባቸው መንደሮች በልጆች ፊት ላይ የሚያርፉት ዝንቦች በ30 ከመቶ ያህል መቀነሳቸውን አሳይቷል። አንድ ቤት ብቻ ቢቆፍር የጎረቤቱ ሜዳ ዝንብ ማራባቱን አይተውም፤ ስለዚህ ሥራው የመንደሩ ሁሉ ነው።

3. የመኖሪያ መጣበብ። ልጆች በአንድ መደብ፣ በአንድ ጋቢ ሥር ሲያድሩ አንዱ የያዘው ለሌላው ይተርፋል። አንዱ ታክሞ ሌላው ካልታከመ በሽታው ዞሮ ይመጣል።

መ. ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ትራኮማ የአፍሪካ ብቻ በሽታ አልነበረም። የናፖሊዮን ጦርነት ወታደሮች ከግብፅ ሲመለሱ በአውሮፓ የዐይን በሽታ ተስፋፍቶ ነበር፤ ዛሬ ሙርፊልድስ የሚባለው የለንደን የዐይን ሆስፒታልም በ1805 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በዚያ ዘመን ነው። በአውሮፓ ከተሞች በሽታው በአብዛኛው እየከሰመ የሄደው ግን ባክቴሪያን የሚገድሉ መድኃኒቶች ከመገኘታቸው በፊት፣ ቤቱ ሲሰፋ፣ ውኃው ሲቀርብ፣ ፍሳሹ ሲወገድ ነው።

ይህ ማለት መድኃኒት አያስፈልግም ማለት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው አራቱን በአንድነት ነው፦ የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማቃናት፣ አዚትሮማይሲን ወይም የቴትራሳይክሊን ቅባት መስጠት፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና። ጋና በዚህ መንገድ በ2018 እ.ኤ.አ. ትራኮማን የኅብረተሰብ የጤና ችግር ከመሆን ማስወገዷ ተረጋግጧል። በአንጻሩ በአማራ ክልል መድኃኒቱ ለብዙ ዓመታት በጅምላ ታድሎም በሽታው ሥር ሰዶ የቀረባቸው ወረዳዎች አሉ። መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ዝንቡና የውኃው ርቀት ግን በየቀኑ አሉ።

ሠ. የመምህሩ ድርሻ

ነገ ወደ ገጠር ስንመደብ ምንጭ መቆፈር አንችል ይሆናል። የምንችለው ግን ጥቂት አይደለም።

አንደኛ፣ ልጁን አናባርረው። ከክፍል የተባረረ ልጅ ሌሎቹን እየያዘ ከቤት ይውላል፤ ትምህርቱም ይቀርበታል። ቀዳዳ የተበጀላት ትንሽ ጀሪካን ከክፍሉ ደጃፍ ብንሰቅል እዚያው ታጥቦ ይገባል። ፊት ለመታጠብ ብዙ ውኃ አያስፈልግም፤ አንድ ሊትር ስንት ልጅ እንደሚያጥብ ተማሪዎቹ ራሳቸው ለክተው ይዩት። በዐይናቸው ያዩትን ለእናታቸው ይነግራሉ።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ በር ያለው፣ ንጹሕና ልጃገረዶችም ሳያፍሩ የሚገቡበት ይሁን። መጸዳጃው ተዘግቶ ስለ መጸዳጃ ማስተማር እኮ ቀልድ ነው!

ሦስተኛ፣ ዐይኑ የቀላ ልጅና ፀጉር የሚነቅሉ እናት ሲያጋጥሙን ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንላካቸው። የዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምና በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ብርሃን ከጠፋ በኋላ መድረስ ዋጋ የለውም።

አራተኛ፣ የቀረችውን ልጅ እንጠይቅ። ዐይነ ስውር አያቷን የምትመራ ልጅ ከመዝገባችን ላይ «ቀሪ» ተብላ ብቻ ትጻፋለች። ምክንያቱን ካልጠየቅን በሽታው ሁለት ሰው መያዙን አናውቅም።

በመግቢያው ወዳነሣነው ጥያቄ ስንመለስ፣ ያልታጠበ ፊት የቸልተኝነት ማስረጃ ሆኖ መወሰድ የለበትም። ስለ ምንጩ ርቀት፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ቤቱ ጥበት የሚናገር ነው። መምህር ከመቆጣቱ በፊት ይህን ማንበብ ይገባዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በተመደባችሁበት የልምምድ ትምህርት ቤት ቅርቡ ውኃ በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? የሚቀዳውስ ማን ነው?
2. «በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ እንጂ ድህነት አይደለም» ለሚል ባልደረባ ምን መልስ ትሰጣላችሁ?
3. በሰልፍ ላይ የሚደረገው የንጽሕና ቁጥጥር ልጁን ሳያሳፍር እንዴት ሊካሄድ ይችላል?