የትልቅ ውሻ ሆድ ሲነፋ፦ እስኪነጋ አይጠበቅም

በዚህ እትም በሳይንስ ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ውሻ ጨጓራ ነው። «ደግሞ የውሻ ጨጓራ ምን ይሠራልናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የማስበው። ግን ክፍላችን ውስጥ ቤቱ ትልቅ ውሻ ያለው ማነው ብለን ስንቆጥር 11 ሆነን ተገኘን። ስለዚህ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ጃክ ምን ሆነ?

ጃክ የሚባል ውሻ ነበረን። እናቱ ጀርመን ሸፐርድ ናት። በኋላ እግሩ ሲቆም ከእኔ ይበልጥ ነበር። ሌሊት ግቢያችንን የሚጠብቀው እሱ ነው።

በጾሙ ጊዜ ቤታችን የሚበላው ሽሮና እንጀራ ስለሆነ ጃክም የሚያገኘው ያንኑ ነበር፣ ትንሽ ትንሽ። ባለፈው ዓመት የፋሲካ ዕለት ግን በግ ታረደ። እኛ ትርፍራፊውንና ጮማውን ሰጠነው፤ ጎረቤቶቻችንም በአጥር ላይ ወረወሩለት። ማታ ደግሞ በትልቅ ሳህን ሙሉ ጨመርንለት። ሳያኝክ ዋጠው ማለት ይቻላል። ከዛ እኔና ታናሽ ወንድሜ ኳስ እየወረወርን ግቢውን ሙሉ አሯሯጥነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጃክ መተኛት አቃተው። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ዞሮ ጎኑን ያያል። ሊያስመልስ እየታገለ አንገቱን ይዘረጋል፣ ግን ምንም አይወጣም። ነጭ አረፋና ምራቅ ብቻ። አያቴ «ፋሲካ እኮ ነው፣ ጠግቦ ነው፤ ሲነጋ ይተወዋል» አሉ። አባዬ ያደገው ገጠር ነው፤ በሬ ማገጥ በልቶ ሲነፋ ዘይት እንደሚጠጣ ያውቃል። ለጃክም ዘይት አመጣለት። ጃክ ግን አልዋጠውም፣ በአፉ ዳር ፈሰሰ። እኔ ሆዱን ስነካው እንደ ከበሮ ጠጥሮ ነበር። ለአባዬ ነገርኩት፤ «ጠዋት እንወስደዋለን» አለኝ። ከዛ ሄጄ ተኛሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጃክ መቆም አልቻለም። በባጃጅ ጭነን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሙ እየመረመሩት እያለ ሞተ። እሳቸው አልተቆጡንም። «ማታ 3 ሰዓት ላይ ከጀመረው፣ ሰዓቱ ያኔ ነበር» ብቻ አሉ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እቤታችን ማናችንም አላወቅንም ነበር። ለዚህ ነው በኋላ ተመልሼ ሄጄ ሐኪሙን የጠየቅኳቸው።

ሆዱ ውስጥ ምን ተፈጠረ?

ይህ በሽታ በእንግሊዝኛ ብሎት ይባላል። ሁለት ደረጃ አለው።

የመጀመሪያው መነፋት ነው። ጨጓራው በምግብ፣ በፈሳሽና በአየር ይሞላና እንደ ፊኛ ይወጠራል። ሁለተኛው መጠማዘዝ ነው። የተወጠረው ጨጓራ በራሱ ላይ ይዞራል። አደገኛው ይሄኛው ነው።

እንዴት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ከረሜላ አንሱ። ወረቀቱ በሁለቱም ጫፍ ተጠምዝዞ ተዘግቷል አይደል? የውሻውም ጨጓራ ሲዞር ልክ እንደዛ ይሆናል። ከላይ ከጉሮሮ የሚመጣው መንገድ ይዘጋል፤ ከታች ወደ ትንሹ አንጀት የሚሄደውም ይዘጋል። ስለዚህ አየሩ በግሳትም አይወጣ፣ በትውከትም አይወጣ፣ ወደ ታችም አይወርድ። ጃክ ያን ያህል ታግሎ ምንም ያልወጣለት ለዚህ ነው።

ነገሩ ግን ጨጓራው ላይ ብቻ አይቆምም። የተነፋው ጨጓራ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ካነሰ ልብም ለሰውነት የሚረጨው ያንሳል። ድዱ የሚነጣው ለዚህ ነው። ሳንባውም ስለሚጨናነቅ መተንፈስ ይከብደዋል። የጨጓራው ግድግዳ ደም ሲያጣ መሞት ይጀምራል። ጣፊያም ከጨጓራ ጋር የተያያዘች ስለሆነች አብራ ልትጠማዘዝ ትችላለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ካልታከመ ይገድላል።

የበሬ መነፋትና የውሻ መነፋት አንድ አይደሉም

አባዬ ዘይት ያመጣው በእውቀት ነው፤ ግን የበሬ እውቀት ነው። የበሬ ጨጓራ አራት ክፍል አለው። ማገጥ ወይም አልፋልፋ እርጥቡን ብዙ ሲበላ ትልቁ ክፍል ውስጥ አረፋ ይፈጠርና ግራ ጎኑ ይነፋል። ዘይት ያንን አረፋ ይሰብረዋል። የውሻ ጨጓራ ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ከተጠማዘዘ ደግሞ በሩ ተቆልፏል። የምናጠጣው ነገር መግቢያ ስለሌለው በስህተት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ጠግቦ ነው ወይስ ተነፍቷል?

የጠገበ ውሻ ይተኛል፣ ይረጋጋል። ሲጠራ ጭራውን ይቆላል። ቢያስመልስም የበላው ይወጣል። የተነፋ ውሻ ግን እነዚህን ያሳያል፦

1. ሊያስመልስ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ግን ምንም አይወጣም ወይም አረፋ ብቻ ይወጣል። ዋናው ምልክት ይህ ነው።
2. ምራቁ ይዝረከረካል።
3. አንድ ቦታ አይረጋም፤ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ጎኑን ያያል።
4. ሆዱ ከጎድን አጥንቱ በስተኋላ ያብጣል፣ ሲነኩት ይጠጥራል፣ መታ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ ይጮሃል።
5. ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልቡም በፍጥነት ይመታል።
6. መጨረሻ ላይ ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ ይወድቃል።

ስድስቱም እስኪሟሉ አትጠብቁ። ፀጉሩ ብዙ የሆነና ደረቱ ጥልቅ የሆነ ውሻ እብጠቱ ቶሎ ላይታይ ይችላል። ቁጥር 1 ብቻውን ከታየ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ምራቅ መዝረክረክና መዋጥ አለመቻል የእብድ ውሻ በሽታ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንም ተማሪ የታመመ ውሻ አፍ ውስጥ እጁን እንዳያስገባ። የማታውቁት ውሻ ከሆነ ጭራሽ አትቅረቡ፣ ለትልቅ ሰው ተናገሩ። የቤታችሁንም ውሻ በየዓመቱ አስከትቡ።

ምን እናድርግ? ምን አናድርግ?

የሚደረገው አንድ ነገር ነው፦ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ። እየሄዱ መደወል ጥሩ ነው፣ ሐኪሙ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ሲደውሉ «ትልቅ ውሻ ነው፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ሊያስመልስ ይታገላል ግን አይወጣለትም» ማለት ነው። ሰዓቱንም መንገር ያስፈልጋል።

የማይደረገው ደግሞ ይህ ነው፦ ዘይት፣ ወተት፣ ለስላሳ ወይም የሰው መድኃኒት ማጠጣት የለም። ሆዱን መጫንና ማሸት የለም። በመርፌ ወይም በስለት መውጋት የለም። «ይራመድና ይወጣለታል» ብሎ ማንከራተት የለም።

ሐኪም ጋ ሲደርስ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠዋል። ከዛ ቱቦ በአፉ አስገብተው ወይም ሆዱን ከውጭ በመርፌ ወግተው አየሩን ያወጡለታል። ይሄ መርፌ የሐኪም ሥራ ነው፣ ቦታውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በራጅ ጨጓራው መዞሩን ያያሉ። ከዞረ በቀዶ ጥገና ወደ ቦታው ይመልሱትና ሁለተኛ እንዳይዞር ከሆድ ግድግዳ ጋር ይሰፉታል። በጊዜ ከደረሱ ውሾች ብዙዎቹ ይድናሉ።

ችግሩ ማታ የሚሠራ የእንስሳት ክሊኒክ በየሰፈሩ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ውሻው ሳይታመም ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እኛ አሁን የሐኪሙን ስልክ በበሩ ጀርባ ለጥፈነዋል። ሌሊት የሚያደርሰንን የባጃጅ ሾፌር ስልክም ከሥሩ ጽፈናል።

እንዴት እንከላከል?

በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከ1,600 በላይ ትልልቅ ውሾችን ተከታትለው ነበር። አደጋው ከፍ ብሎ የተገኘው ዕድሜያቸው በገፋ፣ በፍጥነት በሚበሉ፣ ወላጃቸው ወይም ወንድም እህታቸው በዚህ በሽታ በተያዘና ሳህናቸው ከፍ ያለ ነገር ላይ በሚቀመጥላቸው ውሾች ላይ ነው። ስለዚህ፦

ሀ. የቀኑን ምግብ በአንዴ አትስጡ። ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍላችሁ ስጡ።

ለ. ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጡ።

ሐ. ፈጥኖ የሚበላ ከሆነ ምግቡን በሰፊ ትሪ ላይ በትኑለት፣ ወይም ሊውጠው የማይችል ትልቅ የታጠበ ድንጋይ ሳህኑ መሃል አስቀምጡ። ድንጋዩን እየዞረ ሲበላ ይዘገያል።

መ. ሁለት ውሻ ካላችሁ ለየብቻ አብሏቸው። ሲሻሙ ይጎርሳሉ፣ ሲጎርሱ አየር ይውጣሉ።

ሠ. ከበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አታሯሩጡት። የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ለጥንቃቄ ይመክራሉ።

ረ. ንጹሕ ውኃ ቀኑን ሙሉ ይኑረው። የጠማው ውሻ ውኃውን በአንዴ ይገለብጠዋል።

ሰ. በበዓል ጊዜ ምግቡን በድንገት አትቀይሩ፣ አታብዙ። ለጎረቤትም «እባካችሁ አትወርውሩለት» ብላችሁ ንገሩ። የበሰለ አጥንትም አይሰጥ፤ ተሰባብሮ አንጀት ሊዘጋ ወይም ሊወጋ ይችላል።

ሸ. የድፎ ዳቦ ሊጥ ውሻ በማይደርስበት ቦታ ይከደን። ሊጥ በሞቀ ጨጓራ ውስጥም መኩፋቱን አያቆምም፤ አልኮልም ይፈጥራል። እሱም ለብቻው ድንገተኛ አደጋ ነው።

ከዚህ ሌላ፣ ሐኪም ውሻው ጤነኛ እያለ ጨጓራውን ቀድሞ ከሆድ ግድግዳ ጋር ሊሰፋው ይችላል። ይህ መጠማዘዙን ይከላከላል። ውሻዋ እንዳትወልድ ቀዶ ጥገና ሲደረግላት አብሮ ሊሠራ ይችላል። በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የእንስሳት ሐኪሞችን ያስተምራል። ከእኛ ውስጥ አንዱ አንድ ቀን እዛ ገብቶ ይህን ሥራ ቢማር ደስ ይለኛል።

አሁን ሉሲ አለች

ከጃክ በኋላ ከዚያችው እናት የተወለደች እህቱን አመጣን፣ ስሟ ሉሲ ነው። ጥናቱ እንደሚለው ወንድሟ በዚህ ስለሞተ እሷም ከሌላው ውሻ የበለጠ ያሰጋታል። ጠዋትና ማታ ለየብቻ ነው የምትበላው፣ ሳህኗ ውስጥም ድንጋይ አለ። አያቴ መጀመሪያ «ለውሻ ድንጋይ የሚያቀርብ ልጅ!» ብለው ሳቁብኝ። ዘንድሮ በፋሲካ ግን ጎረቤት አጥንት ሊወረውር ሲል ቀድመው የከለከሉት እሳቸው ናቸው።

እኔ ያን ማታ ሆዱን ነክቼ ነበር። እንደ ከበሮ መሆኑንም አውቄያለሁ። ትርጉሙን ግን አላወቅኩም። እናንተ አሁን አውቃችኋል። ስለዚህ ትልልቅ ሰዎች «ሲነጋ እናያለን» ቢሏችሁ በትህትና «ይሄ የሚያድር በሽታ አይደለም» በሏቸው። ካልሰሟችሁ ድገሙት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የተነፋ ውሻ ዋናው ምልክት ምንድነው?
2. ለበሬ የሚጠቅመው ዘይት ለተነፋ ውሻ የማይጠቅመው ለምንድነው?
3. የቤታችሁ ውሻ ዛሬ ሌሊት ቢነፋ ማን ጋ ትደውላላችሁ? (የዚህን መልስ እቤት ጠይቃችሁ ጻፉት።)