የኩባንያው ሹፌር መኪናችንን ቢያጋጭ ከፋዩ ማን ነው?

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሕግ ስንጽፍ የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ቢሆንም የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው ለጠበቆች ብቻ አይደለም፤ ነገሩም ከደጃችን ስለ ደረሰ ዝም ለማለት አልቻልንም።

የአንድ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም መኪናውን ለሰርቪስ ወደ ሸጠለት ኩባንያ ይወስዳል። ቅጽ ሞልቶ ቁልፉን ያስረክባል። የኩባንያው ሹፌር መኪናዋን ከመቀበያው ወደ ጥገናው ክፍል ሲያዛውር ከአጥሩ ምሰሶ ጋር ያጋጫትና የቀኙ ፓራፋንጎና የፊት መብራቷ ይሰበራል። ባለመኪናው ሲጠይቅ ቢሮው የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ «ጥፋቱ የሹፌሩ ስለሆነ ከእርሱ ጋር ይስማሙ» የሚል። ሹፌሩ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ በየወሩ ከደመወዜ እያነሣሁ እከፍልሃለሁ፤ ብቻ አትክሰሰኝ» ብለው ለመኑት። እርሱም አንጀቱ ተላውሶ ሊፈርም ጥቂት ሲቀረው ነው ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው።

በቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለን ሕጉን አገላበጥነው። ይህ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ስለ ነበሩ አማርኛው አንዳንድ ቦታ ቢከብድም ለያዝነው ጉዳይ ግን ግልጽ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ባለመኪናው የተዋዋለው ከማን ጋር ነው? ከሹፌሩ ጋር አይደለም፤ ስማቸውንም አያውቅም ነበር። ቅጹን የሰጠው፣ ገንዘቡን የሚቀበለው፣ መኪናዋን በአደራ የተረከበው ኩባንያው ነው። እንግዲህ ኩባንያው የተረከባትን መኪና ሠርቶ በደኅና መመለስ ግዴታው ነው። በቁጥር 1791 መሠረት ውሉን ያልፈጸመ ወገን ከኃላፊነት የሚድነው ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር እንደ ከለከለው ሲያስረዳ ነው። ቁጥር 1793 ደግሞ ከዐቅም በላይ ከሚባሉት ነገሮች አንዱን ሲያመለክት፣ ባለዕዳው ኃላፊ የማይሆንለት ሦስተኛ ሰው ያላሰበውን አድርጎ ሲገኝ ነው ይላል። የገዛ ሹፌሩ እንዲህ ያለ ሦስተኛ ሰው ነውን? አይደለም። ኩባንያው ቀጥሮ፣ ቁልፍ ሰጥቶ፣ ንዳ ብሎ ያዘዘውን ሰው «እኔ አላውቀውም» ሊል አይችልም።

ከውል ውጭ ባለው ኃላፊነትም በኩል ቢታይ መድረሻው ያው ነው። ቁጥር 2130 ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ጉዳቱ በሥራው ቦታ ወይም በሥራው ሰዓት ከደረሰ ደግሞ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ይቆጠራል።

አንድ ጓደኛችን «ሹፌሩ በምሽት መኪናዋን ሰርቆ ወደ ሠርግ ቢሄድባትስ?» ብሎ ተከራከረን። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሥራው አጋጣሚውን ብቻ ከፈጠረለት አሠሪው በዚህኛው መንገድ ላይጠየቅ ይችላል። እኛ ግን የውሉ መንገድ አልተዘጋም እንላለን፤ ቁልፉን ማታ ማን እንደሚይዘው መጠበቅ የአደራ ተቀባዩ ሥራ ነውና።

ግድግዳ ላይ «ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» ተብሎ የሚለጠፈው ማስታወቂያም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በቁጥር 1887 ተዋዋዮች ጥፋት ካልሠሩ በቀር ኃላፊ እንዳይሆኑ ሊስማሙ ይችላሉ፤ ምሰሶ እያዩ መጋጨት ግን ጥፋት ነው። «ኢንሹራንስዎ ይክፈልዎ» ለሚለው ምክርም መልስ አለ። ኢንሹራንሱ ቢከፍል እንኳ በደንበኛው እግር ተተክቶ ጉዳት ያደረሰውን ወገን ሊጠይቅ ይችላል እንጂ ዕዳው አይጠፋም።

ስለ አዛውንቱ ሹፌር ጥቂት እንጨምር፤ በእውነቱ ያበሳጨን ይኸው ነው። ሹፌሩ ከነጭራሹ ነጻ ናቸው አንልም፤ አጥፊ ራሱም ይጠየቃል። ነገር ግን ኩባንያው ደንበኛውን ወደ ድኻው ሠራተኛ ልኮ ራሱ ከመካከል መውጣቱ በምን ሕግ ነው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ አሠሪው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከሲሶ እንዳይበልጥ ይወስናል። ቤተ ሰብ ያለው ሰው ደንግጦ የሚገባውን ቃል መቀበል ይህን ሁሉ ጥበቃ በጓሮ በር መዝለል ነው።

ለባለመኪናው የነገርነው ይህን ነው፤ መኪና ሲያስረክቡ ፎቶግራፍ አንሥቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር በቅጹ ላይ ማስጻፍ፤ ጉዳት ሲገኝ ከግቢው ሳይወጡ በጽሑፍ ማስመዝገብ፤ ቅጂውንም መያዝ። ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሳ ክስ ይርጋው ሁለት ዓመት ነው። የውሉ ዐሥር ዓመት ቢሆንም፣ ዳኛው ጉዳዩን በየትኛው ዐይን እንደሚያየው ስለማይታወቅ ሁለቱን ዓመት አለማሳለፍ ይበጃል።

ወንድምየው ወረቀቱን ሳይፈርም ቀርቶ ለኩባንያው ሥራ አስኪያጅ የቁጥሮቹን ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ጻፈ። እኛ ይህን ጽሑፍ ለማባዣ ስንሰጥ መልሱ ገና አልመጣም። ሹፌሩ ግን ደብዳቤው በስማቸው አለመጻፉን ሰምተው ከጥበቃው ቤት ድረስ ሸኝተውታል።