ስለ ቻይና የሰሜንና የደቡብ ሰዎች ጠባይ የሚነገረው

ሰውን በተወለደበት አገር ስም መመዘን በየሕዝቡ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። የዚህ ልማድ እውነቱ ምን ያህል፥ ስሕተቱስ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመመርመር የቻይና ሕዝብ ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ትምህርት የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቻይና እጅግ ሰፊ አገር ናት። ሰሜንና ደቡብ ተብላ የምትከፈለውም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በተዘረጉት በቺንሊንግ ተራሮችና በሁዋይ ወንዝ ነው። ከዚህ በስተሰሜን ዝናሙ ጥቂት፥ ብርዱም ብርቱ ስለ ሆነ ሕዝቡ ስንዴና ደቃቅ እህል ይዘራል። በስተደቡብ ግን ዝናሙ ብዙ፥ ምድሩም ወንዝና ቦይ የመላበት ስለ ሆነ ሩዝ ያበቅላል። በጥንት ዘመንም የሰሜኑ መንገደኛ በፈረስ፥ የደቡቡ በታንኳ ይሄድ ነበር።

እንግዲህ የሰሜን ሰው ቁመቱ ረጅም፥ ልቡ ግልጥ፥ ቃሉ የታመነ፥ ዳሩ ግን ሸካራና ዘገምተኛ ነው ይባላል። የደቡብ ሰው ደግሞ ቁመቱ አጭር፥ አእምሮው ፈጣን፥ ለንግድና ለትምህርት የተመቸ፥ ዳሩ ግን ተንኰለኛ ነው ይባላል። የብዙ ሰው ቁመት ተደምሮ ሲካፈል ሰሜኖች በጥቂቱ መብለጣቸው እውነት ነው። የቀረው ግን ምርመራ ያሻዋል።

ሞንጎሎች ቻይናን የያዙት አስቀድመው ሰሜኑን፥ ኋላም በ1279 ደቡቡን ፈጽመው ድል በማድረግ ነው። በመንግሥታቸውም ሥርዓት የደቡብን ሰዎች ከሁሉ በታች አደረጓቸው። ሉ ሹን የተባለው የደቡብ ተወላጅ ደራሲ በ1934 በጻፈው ሐተታ፥ ሰሜኖች ደቡቦችን መናቃቸው ወራሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን በመምጣታቸው እንጂ በልማድ ልዩነት እንዳልሆነ አስረድቷል።

አድልዎና ጥርጣሬ ሲሠለጥኑ ግን የሰው ነፍስ ይጠፋል። በ1397 ለመንግሥት ሹመት በተደረገው ታላቅ ፈተና ያለፉት ሁሉ የደቡብ ሰዎች ሆኑ። የሰሜን ተማሪዎችም ፈታኞች አድልተዋል ብለው አቤት አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሆንግዉ ጽሑፉ እንደ ገና እንዲመረመር አዘዘ፤ መርማሪዎቹም የፊተኛው ፍርድ ትክክል ነው አሉ። እርሱም ተቈጥቶ ከመርማሪዎቹ አንዱን ዣንግ ሺንን በሞት ቀጣ፤ ዋናውን ፈታኝ ሊዩ ሳንዉን ግን የሸመገለ ስለ ነበረ ወደ ጠረፍ አጋዘው። ዳግመኛ በወጣው መዝገብ ያለፉት ሁሉ ሰሜኖች ሆኑ። ነገር ግን ሰሜኑ በረጅም ጦርነት ስለ ተጐዳ፥ ደቡቡም በሀብትና በትምህርት ቤት ስለ በለጠ ነበር እንጂ፥ የፊተኛው ልዩነት ከአእምሮ የመጣ አልነበረም። ኋላ የነገሡትም ይህን አይተው ለሰሜንና ለደቡብ የተወሰነ ድርሻ ሰጡ።

ደግሞም አባባሉን ታሪክ ራሱ ያፈርሰዋል። የሰሜን ሰው ለንግድ አይሆንም ቢባል፥ በ1823 ገደማ ገንዘብን ከከተማ ወደ ከተማ በወረቀት የሚያስተላልፍ ስመ ጥሩ ቤት በሰሜን በፒንግያዎ ከተማ ተቋቋመ። የደቡብ ሰው ለጦር አይሆንም ቢባል፥ በ1864 ናንጂንግን ይዞ የታይፒንግን ዐመፅ የሰበረው ዜንግ ጉዎፋን በደቡብ በሁናን ያሰለፈው ጦር ነው።

በ2014 ታልሄልም የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር 1162 የቻይና ተማሪዎችን መርምሮ፥ ሩዝ ውኃ መካፈልንና የጐረቤት ደቦን ስለሚጠይቅ ደቡቦችን ይበልጥ እርስ በርሳቸው እንዳስተሳሰራቸው ጽፏል። ሌሎች ሊቃውንት ግን ተከራክረውበታል። ቢሆንም ምርመራው የተናገረው ስለ ብዙዎች እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም።

ስለዚህ አስተማሪ ልጁን በአባቱ አገር ስም ፈጣን ወይም ደንቆሮ ከማለቱ በፊት፥ ምን እንደ ተማረና ምን እንዳጣ ይጠይቅ። ሽማግሌም በአደባባይ ሲፈርድ እንዲሁ ያድርግ።

ጥያቄ

፩ኛ፤ የሰሜንና የደቡብ ቻይና እህል ስለ ምን ተለየ?

፪ኛ፤ በ1397 ሰሜኖች ፈተናውን ያላለፉበት ምክንያት ምንድር ነው?

፫ኛ፤ ስለ ብዙ ሰው የተነገረ ነገር ለአንድ ሰው መፍረጃ የማይሆነው ስለ ምንድር ነው?