አንድ ሥዕል በሦስት ቋንቋ

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፋችን አንባቢያንን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ትርጉም የሚፈተነው በመጽሐፍ ብቻ አይደለምና ጥቂት ይታገሡን።

ለምሳሌ የመረጥነው ጨረርን እየተከተለ ሥዕል የሚሥል አጭር ፕሮግራም ነው። ከመብራት የሚወጣው ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ወደ ዓይን የሚደርሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ መንገዱን ገልብጦ ከዓይን ይነሣና በእያንዳንዱ ፒክሴል በኩል ጨረር ይልካል። ጨረሩ ኳስ መንካት አለመንካቱን የኳድራቲክ እኩልዮሽ ይነግረናል፤ መልስ ከሌለው ስቶታል፣ ከፊታችን ሁለት መልስ ካለው ቅርቡን እንወስዳለን። ተርነር ዊትድ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ መስተዋት የነካ ጨረር ሌላ ጨረር እንዲወልድ አደረገ። ዋናው ነገር ይኸው ስለሆነ፣ አንድሩ ኬንስለር በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ በ1337 ባይት ጽፎ በአንዲት የስም ካርድ ላይ አስፍሮታል። (ለማንበብ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።)

እንግዲህ ወደ ትርጉሙ እንምጣ። የሥዕሉ ወርድና ቁመት 256 ፒክሴል ይሁን። የጨረሩን አቅጣጫ ለማወቅ የፒክሴሉን ቁጥር ለ256 እናካፍላለን፤ 128 ለ256 ግማሽ ነው። በፓይተን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከሦስተኛው እትም ወዲህ፣ በእርግጥም ግማሽ ይሆናል። ይህንኑ ስሌት ምልክቱን ሳንለውጥ ወደ ሲ ብናሻግረው ግን ዜሮ ይሆናል፤ ሲ ሁለት ሙሉ ቁጥሮችን ሲያካፍል ክፍልፋዩን ይጥላልና። ከ0 እስከ 255 ያለው ሁሉ ዜሮ ከሆነ ጨረሮቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተማሉ፤ ሥዕሉም ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ሆኖ ይወጣል። ክፋቱ፣ ሲ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም።

ኦካምል ነገረኛ ነው። ለሙሉ ቁጥር አንድ የማካፈያ ምልክት፣ ለክፍልፋይ ደግሞ ከጎኑ ነጥብ ያለበት ሌላ ምልክት አለው፤ ሁለቱን ያደባለቀውን ሰው ፕሮግራሙ ገና ሳይሠራ ይመልሰዋል። ቋንቋን በመስመር ቁጥር የሚመዝኑ ወዳጆቻችን ፓይተንን ያመሰግናሉ፤ እኛ ግን ለተርጓሚ የሚሻለው ይህ ነገረኛው ነው እንላለን።

ሦስቱም እኩል ዝም የሚሉበት ስፍራ ጥላ ነው። ጥላን ለማግኘት ከኳሱ ገጽ ወደ መብራቱ ሌላ ጨረር ይላካል፤ የአሥርዮሽ ቁጥር በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚጠጋጋ ይህ ጨረር የተነሣበትን ኳስ ራሱን መልሶ ሊነካ ይችላል። ያን ጊዜ ብርሃን ያለበት ገጽ በጥቁር ነጠብጣብ ይዥጎረጎራል። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን እጅግ የቀረበውን ንክኪ፣ ለምሳሌ ከ0.01 በታች ያለውን፣ እንዳይቆጥር ጸሐፊው ራሱ ማዘዝ አለበት።