የማዕድን ጥናት የጋን መብራት እንዳይሆን

እንደሚታወቀው ስለ ማዕድን ሲነሳ በዜናችን ቶሎ የሚሰማው ኪሎና ዶላር ነው። ይህን ያህል ወርቅ ወጣ፣ ይህን ያህል የውጭ ምንዛሪ ተገኘ እንላለን። እኔ በዚህ አጭር ጽሑፍ ማንሳት የምፈልገው ግን ወርቁ ከወጣ በኋላ ስለሚቀረው ውኃና አፈር፣ በተለይም በዚያ ላይ ስለሚሠራው ጥናት ነው። በማዕድን ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ያላየው ጥናት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጥቅሙ ትንሽ ነው ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ጉዳዩን እንረዳው። በትልልቅ ማዕድኖች ወርቅ ከተፈጨ ድንጋይ የሚለየው ብዙ ጊዜ በሳይናይድ ነው። የሚቀረው ጭቃ በግድብ ይጠራቀማል። ሳይናይድ በፀሐይና በአየር እየፈረሰ ይሄዳል፤ በድንጋዩ ውስጥ የነበሩት እንደ አርሰኒክና ኒኬል ያሉት ግን አይጠፉም። ድኝ ያለበት ድንጋይ ተቆፍሮ አየርና ውኃ ሲያገኘው ደግሞ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱም እነዚህን አሟሙቶ ወደ ወንዝ ይዟቸው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የውኃው ናሙና መቼና ከየት ተቀዳ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገ ደንቢ ወርቅ ማዕድን ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ማዕድኑ በ1989 ዓ.ም. ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ ተዛወረ። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት መታደሱ ሲሰማ ነዋሪው ለተቃውሞ ወጣ። ሕፃናት አካላቸው ተጎድቶ ይወለዳሉ፣ ፅንስ ይጨናገፋል፣ ከብት ይሞታል አለ። ድርጅቱ በበኩሉ አስተባበለ። በግንቦት ወር መንግሥት ፈቃዱን አገደ፣ ጥናትም ተጠና። ማዕድኑ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ቀጠለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ጥናቶቹ ይፋ እንዲደረጉ ጠየቀ። እንግዲህ አስቡት፤ ጥናቱ የተጠናው ስለዚያ ሰው ጤና ሆኖ ሳለ፣ ውጤቱን ለማየት ሌላ አካል መጮህ ነበረበት።

ታዲያ እኛ ምን እንጠይቅ? እኔ ሦስት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ውኃው ተለክቶ ነበር ወይ? ወርቅ ያለበት ምድር በተፈጥሮው አርሰኒክ ሊኖረው ይችላል። የበፊቱ ልኬት ከሌለ አንዱ “ማዕድኑ ነው”፣ ሌላው “ተፈጥሮ ነው” እያለ ክርክሩ አያልቅም።

ሁለተኛ፣ ለመርማሪው የከፈለው ማነው? በብራዚል ብሩማዲኞ በጥር 2011 ዓ.ም. የማዕድን ጭቃ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰው ሞተ። ያንን ግድብ ከወራት በፊት “አስተማማኝ ነው” ብሎ የመሰከረው በራሱ በማዕድን ኩባንያው የተቀጠረ ድርጅት ነበር።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ የት ነው፣ በምን ቋንቋስ ተጻፈ? የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደንግጓል። በእንግሊዝኛ ተጽፎ አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሰነድ ግን ለጉጂ አርብቶ አደር ክፍት ነው ማለት ይከብዳል። በአፋን ኦሮሞ ሊነገረው ይገባል።

“ውጤቱ ቢነገር ሕዝቡ ይደናገጣል” የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሕዝቡ ሳይነገረውም ደንግጧል። ልጇ የታመመባት እናት የትኛው ምንጭ እንደሚጠጣና የትኛው እንደማይጠጣ ብታውቅ ቢያንስ እንስራዋን ይዛ ወዴት እንደምትሄድ ትወስናለች። ድርጅቱም ንጹሕ ከሆነ የሚያነጻው ያው ሰነድ ነው።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ነገ ተመርቀን ስንወጣ የወርቅ ኤክስፖርት መግለጫ በእጃችን ሲገባ፣ ኪሎውን ከመጻፋችን በፊት ስልክ አንስተን “የውኃው ምርመራ ውጤት ይሰጠን” እንበል። መልሱ “የለም” ወይም “አይሰጥም” ከሆነም እሱ ራሱ ዜና ነው፤ እንጻፈው።